የተቆጠረ ርቀት፣ ያልተቆጠረ ብክነት
በሳተላይት የትእዛዝና የቴሌሜትሪ መስመሮች ላይ ስለሚደርሰው የምልክት ኃይል ብክነት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




አንድ ሳተላይት ከሮኬቱ ተለይቶ ምሕዋሩን ከያዘበት ደቂቃ ጀምሮ የሰው እጅ አይነካውም። የተቃጠለ ፊውዝ የሚለውጥለት፣ የላላ ብሎን የሚያጠብቅለት፣ አቅጣጫውን የሳተ አንቴና የሚያቀናለት ሠራተኛ በአጠገቡ የለም። ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኙት ሁለት የማይታዩ መስመሮች ብቻ ናቸው። አንደኛው ከምድር ወደ ሳተላይቱ ሽቅብ የሚወጣው የትእዛዝ መስመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የባትሪውን ቮልት፣ የክፍሎቹን ሙቀት፣ የአካሉን አቋምና የመሣሪያዎቹን ደኅንነት እየለካ ቁልቁል የሚያስታውቀው የቴሌሜትሪ መስመር ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ወይም ሥርጭት የሚያስተላልፈው ክፍል ቢበላሽ የሳተላይቱ አገልግሎት ይጓደላል። እነዚህ ሁለት መስመሮች ቢቋረጡ ግን ሳተላይቱ ምንም ሳይጎድልበት ቢዞር እንኳ ለባለቤቱ እንደ ሌለ ይቆጠራል።

እንደሚታወቀው የሬድዮ ምልክት በጠፈር ሲጓዝ ኃይሉ እየሳሳ ይሄዳል። ስለ ሳተላይት ግንኙነት ሲነሣ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የርቀቱን ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ርቀት የታወቀ ባለ ዕዳ ነው፤ ሳተላይቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ የሚወስደው መጠን በትክክል ሊሰላ ይችላል። መሐንዲሱን የሚጎዱት በየመንገዱ አንድ፣ ሁለት፣ ግማሽ ዴሲቤል እያሉ የሚቆነጥሩት ትንንሽ ብክነቶች ናቸው። ከእነዚህም የሚከፉት በመልካም ቀን ተሰውረው ቆይተው በክፉ ቀን የሚገለጡት ናቸው። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ብክነቶች በየስማቸው ጠርቶ ማስቆጠር፣ በተለይም የትእዛዝ መስመር ሒሳብ ሳተላይቱ ደኅና በሚሆንበት ቀን ሳይሆን በሚታመምበት ቀን ሚዛን መሠራት እንዳለበት ማሳየት ነው።

የዴሲቤል ሒሳብ

የምልክት ኃይል ከማስተላለፊያው እስከ መቀበያው ባለው መንገድ ላይ በየደረጃው ይባዛል ወይም ይካፈላል። እጅግ ብዙ ዜሮ ያላቸውን ቁጥሮች ከማባዛትና ከማካፈል ይልቅ በዴሲቤል ለውጦ መደመርና መቀነስ ይቀላል። ኃይሉ በግማሽ ሲቀነስ 3 ዴሲቤል ጠፋ ይባላል፤ ወደ አንድ ዐሥረኛ ሲወርድ 10፣ ወደ አንድ መቶኛ ሲወርድ 20 ዴሲቤል ነው። የ1 ዴሲቤል ብክነት ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ የአንድ መስመር ሒሳብ ከነጋዴ የገቢና የወጪ መዝገብ ብዙም አይለይም። የማስተላለፊያው ኃይልና አንቴናዎቹ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ በመሰብሰብ የሚያተርፉት በገቢ በኩል ይጻፋል፤ ርቀቱና ሌሎች ብክነቶች በወጪ በኩል ይጻፋሉ። በመጨረሻ የቀረው ለንባብ ከሚያስፈልገው በላይ ሲሆን ልዩነቱ መጠባበቂያ ይባላል።

ምልክቱ በመቀበያው ዘንድ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ሳይሆን መሐንዲሶች ኖይዝ ከሚሉት የሙቀት ሁካታ ጋር ነው። ሙቀት ያለው አካል ሁሉ፣ ሰማዩም፣ ምድሩም፣ ገመዱም፣ ማጉያውም ጭምር፣ ይህን ሁካታ ያሰማል። ከጋራ ማዶ የሚጣራ ሰው ድምፁ መሳሳቱ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ በአጠገብ የሚወርደው ፏፏቴ የሚያሰማው ጩኸትም ነው። ምልክቱን ማጉላት ብቻውን አይጠቅምም፤ ማጉያው ሁካታውንም አብሮ ያጎላልና።

ለምሳሌ ያህል በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር አንድ አነስተኛ የምድር ምልከታ ሳተላይት ይወሰድ። ቴሌሜትሪውን በ2,200 ሜጋኸርዝ፣ በ1 ዋት ኃይል፣ በሰከንድ 100,000 ቢት ፍጥነት ይልካል። አንቴናው ኃይሉን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበትናል ተብሎ ይታሰባል። የምድር ጣቢያው የ3.7 ሜትር ዲሽ አንቴና ያለው ሲሆን የመቀበያው ጠቅላላ የሁካታ ሙቀት 200 ኬልቪን ነው። ሳተላይቱ በጣቢያው አናት ላይ ሲያልፍ ርቀቱ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ከአድማስ 5 ዲግሪ ከፍ ብሎ በሚታይበት ጊዜ ግን ርቀቱ ወደ 2,330 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ኃይል በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ በአድማስ አጠገብ የሚደርሰው ምልክት በአናት ላይ ከሚደርሰው በ15 እጥፍ፣ ማለትም በ12 ዴሲቤል ያህል ያንሳል።

በአድማስ አጠገብ ባለው ርቀት መስፋፋቱ ብቻ የሚወስደው 167 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይህ በመሠረቱ የተቃጠለ ኃይል አይደለም፤ ሞገዱ እየሰፋ ሲሄድ በዲሽ ላይ የሚያርፈው ድርሻ ማነሱን የሚገልጽ ቁጥር ነው። ዲሹ በበኩሉ 36 ዴሲቤል ያህል ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ መቀበያው የሚገባው ኃይል የአንድ ዋት 10 ትሪሊዮንኛ ክፍል እንኳ አይሞላም። ይሁንና ሁካታው ከዚህም ያነሰ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቢት የሚደርሰው ኃይል ከሁካታው በ25 ዴሲቤል ይበልጣል። ያለ ስሕተት ማረሚያ ኮድ ቴሌሜትሪን በደኅና ለማንበብ 10 ዴሲቤል ያህል ይበቃል። እንግዲህ መዝገቡ 15 ዴሲቤል፣ ማለትም ከሚያስፈልገው ከ30 እጥፍ በላይ የሆነ ኃይል እንዳለ ያሳያል። በዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው እርሳሱን አስቀምጦ ይደሰታል።

ድር ቢያብር

አሁን ትንንሾቹ ይቆጠሩ። በሳተላይቱ ውስጥ ከማስተላለፊያው እስከ አንቴናው ያሉት ገመድ፣ ማጣሪያና ማከፋፈያ 2 ዴሲቤል ይወስዳሉ። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው የፖላራይዜሽን አለመጣጣም 3 ይወስዳል። የዲሹ አነጣጠር ጉድለት 1፣ አየሩ በዝቅተኛ ማዕዘን ግማሽ፣ የሞዱሌሽንና የመቀበያው አለመሟላት 2 ዴሲቤል ይወስዳሉ። ድምሩ 8.5 ዴሲቤል ሲሆን ከ15ቱ የሚቀረው 6.5 ብቻ ነው። ይህም ገና መልካሙ ቀን ነው።

ሳተላይቱ አቋሙን አጥቶ መንከባለል ቢጀምር ግን አንቴናው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበትናል የተባለው ግምት ይፈርሳል። የሳተላይቱ አካልና የፀሐይ ሰሌዳዎቹ በአንዳንድ አቅጣጫ ጥላ ይጥላሉ፤ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ከአካሉ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ ቀጥተኛውን ያጠፋዋል። በእንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ የ10 ዴሲቤል ጉድለት የተለመደ ነው። ከ6.5 ላይ 10 ሲቀነስ መዝገቡ በ3.5 ዕዳ ይዘጋል፤ የሚደርሰው ኃይል ለንባብ ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሳተላይቱ በጣቢያው አናት ሲያልፍ የርቀቱ 12 ዴሲቤል ስለሚመለስ ቴሌሜትሪው ለጥቂት ጊዜ ይነበባል፤ ወደ አድማሱ ሲወርድ ይጠፋል። አንድ እንዲህ ያለ ሳተላይት ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ በጣቢያው ሰማይ ላይ ይቆያል። ከዚህም ላይ አብዛኛው ደቂቃ የሚያልፈው በዝቅተኛው ማዕዘን ስለሆነ ኦፕሬተሩ እጅግ በሚፈልገው ቀን የሚያገኘው ጊዜ ከሁሉ ያነሰው ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለብክነትም ይሠራል ማለት ነው።

ብክነቶቹ በየስማቸው

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው በምድር ጣቢያው ውስጥ ከዲሹ እስከ መጀመሪያው ማጉያ ያለው ገመድ ነው። ይህ ገመድ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንድ ጊዜ ምልክቱን ይቀንሳል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በራሱ ሙቀት ሁካታን ይጨምራል። በተለመደው የአካባቢ ሙቀት ላይ ያለ የ1 ዴሲቤል ገመድ ብቻውን 75 ኬልቪን ያህል ሁካታ ይጨምራል። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ሁካታ ያለው ማጉያ በሞቀው ክፍል ውስጥ ሳይሆን በዲሹ አፍ ላይ፣ ለዝናብና ለፀሐይ ተጋልጦም ቢሆን፣ የሚሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ከማጉያው በኋላ የሚጠፋው ዴሲቤል በአንጻሩ ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ የብክነት መጠን ብቻ ሳይሆን የደረሰበት ቦታም መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው አነጣጠር ነው። የዲሽ ጨረር በሁለት ነገር ይጠባል፤ በዲሹ ስፋትና በሞገዱ ማጠር። ከላይ የተጠቀሰው የ3.7 ሜትር ዲሽ በ2,200 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በኤስ ባንድ፣ የጨረሩ ስፋት 2.6 ዲግሪ ያህል ነው። በ8,200 ሜጋኸርዝ፣ በኤክስ ባንድ፣ ግን ወደ 0.7 ዲግሪ ይጠባል። ዲሹ በ0.35 ዲግሪ ቢስት በኤስ ባንድ የሚጠፋው ሩብ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። በኤክስ ባንድ ያው ስሕተት 3 ዴሲቤል፣ ማለትም የኃይሉን ግማሽ ይወስዳል። ያው ማርሽ፣ ያው ሞተር፣ ያው ነፋስ ሳለ የአንዱ መስመር ሰላም የሌላው መስመር ሁከት ይሆናል። በኤስ ባንድ ተፈትኖ ደኅና ነው የተባለ ዲሽ ለኤክስ ባንድም ደኅና ነው ብሎ መፈረም አይገባም።

ሦስተኛው ፖላራይዜሽን ነው። ሞገዱ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እየተወዛወዘ ወይም እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠማዘዘ ሊጓዝ ይችላል። ቀጥተኛ ሞገድ የሚልክ አንቴና በዘጠና ዲግሪ ከተሻገረው ቀጥተኛ አንቴና ጋር ቢገናኝ በሐሳብ ደረጃ ምንም ኃይል አይደርስም። የምድሩ አንቴና ተጠማዛዥ ከሆነ ግን ሳተላይቱ በየትኛውም በኩል ቢዞር ሁልጊዜ ግማሹ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው 3 ዴሲቤል በከንቱ የባከነ አይደለም፤ ሁሉን ላለማጣት አስቀድሞ የተከፈለ የዋስትና ዋጋ ነው። መዝገብ የማያነብ ሰው ይህን ቁጥር ሊያድነው ይከጅል ይሆናል፤ ከተጠማዛዡ አንቴና ወደ ቀጥተኛው ቢለውጠው ግን በመልካም ቀን 3 ዴሲቤል አትርፎ በክፉ ቀን ሳተላይቱን ሊያጣ ይችላል።

አራተኛው ዝናብ ነው። በኤስ ባንድ የዝናብ ብክነት ከቁጥር አይገባም። በኤክስ ባንድ ኃይለኛ ዝናብ በዝቅተኛ ማዕዘን ሲያልፉበት ይታወቃል፤ ከ10,000 ሜጋኸርዝ በላይ ግን መስመሩን እስከ መቁረጥ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ደጋ አንድ ጸጋ አለው። በሐሩር አገሮች በደመናው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶነት የሚለወጠው ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞገዱን የሚያዳክመውም ከዚህ በታች ያለው ፈሳሽ ጠብታ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ጣቢያ ከአናቱ በላይ 5 ኪሎ ሜትር ዝናብ ሲሸከም፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ እንደሚገኘው እንደ እንጦጦ ያለ ጣቢያ የሚሸከመው ከ2 ኪሎ ሜትር ያነሰውን ነው። ከበላዩ ያለው አየርና የውኃ ተንም የዚያኑ ያህል ይሳሳል። በሌላ በኩል የክረምቱ እርጥበት በገመድ መጋጠሚያዎች ውስጥ ሰርጎ የሚያመጣው ብክነት ከሰማዩ ዝናብ ይልቅ ሊከፋ ይችላል፤ ምክንያቱም ሰማዩ ሲጠራ ይህኛው አብሮ አይጠራም።

ትእዛዝና ቴሌሜትሪ እኩል አይደሉም

ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሰማይ ቢያልፉም ባሕርያቸው የተለያየ ነው። ለትእዛዝ መስመር ምድር ኃይል አላት፤ ማስተላለፊያውን ከ1 ዋት ወደ 100 ዋት ማሳደግ የገንዘብና የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። የቴሌሜትሪ መስመር ግን በሳተላይቱ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ላይ የሚኖር ስለሆነ ኃይሉን መጨመር አይቻልም፤ የሚቻለው የምድሩን ጆሮ ማስፋት ነው። በተጨማሪም ቴሌሜትሪ በመሐል ቢቋረጥ በሚቀጥለው ዙር ሊደገም ይችላል፤ ትእዛዝ ግን ያለ አንዳች ስሕተት መድረስ አለበት። አንዲት ቢት የተበላሸችበትን ትእዛዝ ሳተላይቱ ፈትሾ እንዲጥል ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ የትእዛዝ መስመር በከፊል የሚሠራበት ሁኔታ የለም።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ግልጽ ነው። በአቋሙ ላይ ያለው ሳተላይት በኃይለኛ ጠባብ አንቴና ቢገናኝም፣ የትእዛዝ መቀበያው ሁልጊዜ ተከፍቶ በሰፊ አንቴና ማዳመጥ አለበት። የትእዛዙ ፍጥነትም ዝቅተኛ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ቢት ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ የሚሰበስበው ኃይል ይጨምራል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ 3 ዴሲቤል ይገኛል።

ሁለት ዲግሪ

ይህ ሁሉ የወረቀት ጭንቀት እንዳይመስል በታወቀ አንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ቮየጀር 2 የተባለችው የአሜሪካ መንኩራኩር እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1977 ተመጠቀች። በሚያዝያ 1978 ዋናው የትእዛዝ መቀበያዋ ተበላሸ። ተተኪው መቀበያም የሚመጣውን ሞገድ ፍሪኩዌንሲ እየተከተለ ራሱን የሚያስተካክልበት ክፍል ወድቆ ተገኘ። ኃይሉ ቢበቃም እንኳ ሞገዱ በጠባቧ የመቀበያ በር በትክክል ካልገባ ትእዛዙ እንዳልተላከ ይቆጠራል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በምድር ያሉ መሐንዲሶች የምድርን መዞርና የመቀበያውን ሙቀት እያሰሉ የሚልኩትን ፍሪኩዌንሲ ራሳቸው ወደ በሯ ያቀኑላታል። በዚሁ መቀበያ መንኩራኩሯ በዩራኑስ በ1986፣ በኔፕቱን በ1989 አልፋለች።

በሐምሌ 2023 ቮየጀር 2 ከምድር 19.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር። በብርሃን ፍጥነት የሚጓዘው ምልክት ለአንድ መንገድ ብቻ 18 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። በዚህ ርቀት መስፋፋቱ ብቻ በኤክስ ባንድ ለሚወርደው ቴሌሜትሪ 317፣ በኤስ ባንድ ለሚወጣው ትእዛዝ 305 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። ወደ ምድር የሚደርሰው የቴሌሜትሪ ኃይል በ70 ሜትር ዲሽ ተሰብስቦ እንኳ የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ ቢሊዮንኛ ክፍል አይሞላም። ይህ ሁሉ ግን የተቆጠረ ነበር፤ መስመሩም ይሠራ ነበር።

ሐምሌ 21 ቀን 2023 የተላኩ ትእዛዞች የመንኩራኩሯን አንቴና ሳይታሰብ ከምድር 2 ዲግሪ አራቁት። የ3.7 ሜትሩ አንቴና በኤክስ ባንድ የሚሰጠው ጨረር ከግማሽ ዲግሪ ብዙም የማይሰፋ ስለሆነ ምድር ከዋናው ጨረር ፈጽማ ወጣች፤ ቴሌሜትሪው ተቋረጠ። ከ19.9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር የከፋው ጥፋት ከ2 ዲግሪ መጣ።

ነሐሴ 1 ቀን በተለያዩ የምድር ጣቢያዎች አንቴናዎች አማካይነት የመንኩራኩሯ ተሸካሚ ሞገድ በደካማው ተሰማ፤ መኖሯም ታወቀ፤ መረጃ ግን አልተነበበም። ቀጥሎ በአውስትራሊያ ካንቤራ አጠገብ ካለው የ70 ሜትር ዲሽ፣ ባለው ከፍተኛ የማስተላለፊያ ኃይል፣ አንቴናዋን ወደ ምድር እንድትመልስ ትእዛዝ ተላከላት። ነሐሴ 4 ቀን ቴሌሜትሪዋ እንደ ቀድሞው መውረድ ጀመረ።

ለምን ቴሌሜትሪው ሲቋረጥ ትእዛዙ ደረሰ? መልሱ ከላይ በተጠቀሰው የዲሽ ሒሳብ ውስጥ ይገኛል። ያው አንቴና ትእዛዝ በሚቀበልበት ኤስ ባንድ የጨረሩ ስፋት ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ የ2 ዲግሪ መሳት በትእዛዙ መስመር ላይ የሚያስከትለው ብክነት በግምት ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ነው። ይህን ያህል ደግሞ ከምድር ኃይል በመጨመር መክፈል ይቻላል። እንግዲህ መንኩራኩሯን የመለሳት ዕድል አይደለም፤ የትእዛዝ መስመሯ ከቴሌሜትሪዋ ይልቅ ሰፋ ባለ ጨረር ላይ መመሥረቱና በምድር በኩል ያልተነካ የኃይል መጠባበቂያ መኖሩ ነው። መሐንዲሶቹ ከዚህም ሌላ አንድ መጠባበቂያ ነበራቸው። መንኩራኩሯ በየጊዜው አቅጣጫዋን በራሷ እንድታስተካክል የታዘዘች ስለሆነች ትእዛዙ ባይደርስ ኖሮ በጥቅምት 15 አንቴናዋን ወደ ምድር ትመልስ ነበር።

ብክነቱ የማይመለስ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ የጠፋው ዴሲቤል በምንም መንገድ አይመለስም። ወደ ጁፒተር የተላከችው ጋሊሊዮ በሚያዝያ 1991 እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሎ የነበረውን የ4.8 ሜትር ዋና አንቴናዋን ለመዘርጋት ስትሞክር ጥቂት ዘንጎች ተጣብቀው ቀሩ። በሰከንድ 134,000 ቢት ይወርድበታል የተባለው መስመር ተዘጋ። የቀረው ትንሹና ሰፊ ጨረር ያለው አንቴና ነበር፤ ይህም ከጁፒተር በሰከንድ ከ8 እስከ 16 ቢት ብቻ ያስተላልፋል። ልዩነቱ ወደ 40 ዴሲቤል ይጠጋል።

የሥራው ኃላፊዎች አንቴናውን በልዩ ልዩ መንገድ ለማስለቀቅ ከሞከሩ በኋላ ፊታቸውን ወደ መዝገቡ መለሱ። የምድር ዲሾች በአንድነት እንዲያዳምጡ ተደረገ፤ የተሻለ የስሕተት ማረሚያ ኮድ ተሠራ፤ በተሸካሚው ሞገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ መረጃው ተዛወረ፤ ሥዕሎቹም ከመላካቸው በፊት በመንኩራኩሯ ኮምፒዩተር እንዲጨመቁ ተደረገ። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 160 ቢት ደረሰ። ጋሊሊዮ በታኅሣሥ 1995 ጁፒተር ደርሳ ከታሰበው ሳይንሳዊ ዓላማ 70 በመቶ ያህሉን ፈጸመች። ይህ ሁሉ ጥገና ግን ሊሠራ የቻለው በአንድ ምክንያት ነው፤ አዲሱን ፕሮግራም ወደ መንኩራኩሯ የሚያወጣው የትእዛዝ መስመር በትልቁ አንቴና ላይ አልተንጠለጠለም ነበር።

ለአገር የሚተርፈው ትምህርት

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አስመጥቃ መቆጣጠሪያ ጣቢያውን በእንጦጦ አቆመች። በታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛዋና አነስተኛዋ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ተከተለች። ብዙ ሳተላይት ያለው አገር አንዱ ቢዘጋበት በሌላው ይሠራል። አንድ ወይም ሁለት ያለው አገር ግን አንዱን ሲያጣ የዓመታት ጥረቱንና የሠለጠነ ሰው ተስፋውን አብሮ ያጣል። ስለዚህ መጠባበቂያ ዴሲቤል ለታዳጊ አገር ቅንጦት ሳይሆን ከባለጸጎቹ ይልቅ የሚያስፈልጋት ስንቅ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለሙያው ሰዎች ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የብክነት መዝገቡ ውል ከሚፈረምበት ቀን ጀምሮ ይጻፍ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብም የተሰላ፣ የተለካ ወይም የተገመተ መሆኑ ይመልከት። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግምቶቹ በልኬት መተካት አለባቸው። ሳተላይቱ ሲመጠቅ ገና ግምት ሆኖ የቀረ ቁጥር ካለ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስሙን ይፈርምበት።

ሁለተኛ፣ የትእዛዝ መስመር ሒሳብ ሳተላይቱ እየተንከባለለ፣ በአንቴናው ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ በአድማስ አጠገብ ባለበት ሁኔታ ይሠራ። በዚህ ሒሳብ የተገኘው መጠባበቂያ ለተጨማሪ ካሜራ ክብደት ወይም ለርካሽ ገመድ በድርድር የሚሰጥ አይሁን። ውል በሚደራደሩበት ጠረጴዛ ላይ የሙያው ሰው ከሁሉ በላይ ሊጠብቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ የግንኙነት ጊዜ የተቀበለው የምልክት ኃይል ከሳተላይቱ ማዕዘን ጋር እየተመዘገበ ይቀመጥ። የሚዝግ መጋጠሚያ፣ ውኃ የሚገባበት ገመድ፣ የሚላላ የዲሽ ማርሽ በአንድ ቀን አይሞቱም። በወር ግማሽ ዴሲቤል እየወሰዱ ይቆያሉ። ቴሌሜትሪው በደኅና እየተነበበ ሳለ ይህን መቀነስ የሚያሳየው መዝገቡ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ማዕዘን ምን ያህል ኃይል ይደርስ እንደ ነበረ የሚያውቅ ጣቢያ መጋጠሚያውን በሰኔ መግቢያ ይለውጠዋል፤ የማያውቀው ግን በነሐሴ ጭለማ፣ ሳተላይቱ ከአድማስ በላይ ባለባት 10 ደቂቃ ውስጥ፣ በመብራት ይፈልገዋል።